የፋይል ፎርማት ማብራሪያ ፍለጋ፤ ከጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ታሪክ

መግቢያ

በብራና ላይ የሰፈረን ጽሑፍ ለማንበብ የሚያስፈልገው ፊደሉንና ቋንቋውን ማወቅ ነው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ከ1,300 ዓመታት በላይ ቢያስቆጥሩም፥ ግዕዝ የተማረ ሰው ዛሬም ያነብባቸዋል። በኮምፒዩተር የተዘጋጀ ሰነድ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ፋይሉ የቁጥሮች ድርድር በመሆኑ እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚወክል የሚገልጽ ማብራሪያ ከሌለ፥ ፋይሉ ሳይበላሽ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም ማብራሪያው በማን እጅ እንደነበረና እንዴት ለሕዝብ እንደደረሰ መመርመር ለትምህርት ቤት መዛግብት አያያዝ ትምህርት ይሰጣል።

1. ወርድስታርና ትርፉ ቢት

ማይክሮፕሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወርድስታር የተሰኘውን ፕሮግራም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚወከሉበት አስኪ የተባለው ሥርዓት 128 ምልክቶች ብቻ ስለነበሩት፥ በአንድ ባይት ውስጥ ካሉት 8 ቢቶች አንዱ ትርፍ ነበር። ወርድስታር ይህን ትርፍ ቢት የቃልን የመጨረሻ ፊደል ለማመልከት ተጠቀመበት። ለምሳሌ «ኢ» ለተባለው ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል የተመደበው ቁጥር 101 ሲሆን፥ ፊደሉ በቃል መጨረሻ ሲውል 128 ተጨምሮበት 229 ይሆናል። ይኸው ፋይል በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ላይ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት፥ በፊደሉ ፋንታ ሲግማ የተባለው የግሪክ ፊደል ይታያል። ምሥጢሩን ያላወቀ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል፤ ያወቀው ግን 128 በመቀነስ ብቻ ጽሑፉን ይመልሳል። ከዚህ ለመገንዘብ እንደሚቻለው ልዩነቱ ያለው ከማሽኑ ሳይሆን ከአንዲት መስመር ማብራሪያ ላይ ነው።

2. የወርድ ፎርማት ውስብስብነት

ማይክሮሶፍት ወርድን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በ1990ዎቹ ፕሮግራሙ በመሥሪያ ቤቶች ሲስፋፋ ፎርማቱም እጅግ ተወሳሰበ። በ«ዶክ» ፋይል ውስጥ ጽሑፉ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ላይቀመጥ ይችላል፤ ቁርጥራጮቹ በየቦታው ተበትነው፥ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያመለክት ሠንጠረዥ ለብቻው ይቀመጣል። «ፈጣን ማስቀመጫ» የተባለው አሠራር ደግሞ እርማቶችን በፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሚጨምር፥ ጸሐፊው የሰረዘው ቃል እንኳ በፋይሉ ውስጥ ይቀር ነበር።

የዚህ ፎርማት ማብራሪያ ለሁሉም በነጻነት የሚገኝ ባልነበረበት ጊዜ፥ እንደ አቢወርድና አንቲወርድ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችን የሠሩ ባለሙያዎች ፋይሎችን እየከፈቱ፥ አንድ ፊደል ለውጠው የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ እያመሳከሩ አሠራሩን ለመረዳት ብዙ ደከሙ። ኩባንያው የቀድሞዎቹን ፎርማቶች ማብራሪያ ማንም እንዲያገኘው አድርጎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ነው።

3. ወደ ክፍት ፎርማት የተደረገው ጉዞ

ከዚያ አስቀድሞ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ኦፕን ዶክዩመንት የተባለው ፎርማት እ.ኤ.አ. በ2005 ኦኤሲስ በተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት ጸደቀ፤ በ2006ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። የማይክሮሶፍት አዲሱ ፎርማትም በ2006 በኤክማ፥ በ2008 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጸደቀ። የኋለኛው ማብራሪያ ግን ከ6,000 ገጾች በላይ ስለነበረ፥ ማብራሪያ መታተሙ ብቻውን በቂ ነውን? የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም።

4. የአማርኛ ሰነዶች ድርብ ችግር

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይቀመጡ ነበር። በአንድ ባይት ሊወከሉ የሚችሉት ምልክቶች 256 ብቻ ሲሆኑ ፊደሉ ከዚህ የሚበልጥ በመሆኑ፥ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም አዘጋጅ የራሱን ድልድል አወጣ። ስለዚህ የፋይሉ ፎርማት ሙሉ በሙሉ ቢታወቅም፥ የፊደሉ ድልድል ሠንጠረዥ ከሌለ «ሀ» የነበረው የባዕድ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ የፈተና ወረቀት ወይም የመምህር መምሪያ ሁለት ቁልፎችን ይፈልጋል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያስተምረው፥ ጽሑፍን ጠብቆ ማቆየት ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የማንበቢያውን ቁልፍም ማቆየት መሆኑን ነው። በመሆኑም ትምህርት ቤቶችና የዕቅድ ክፍሎች በቆዩ ፋይሎቻቸው ላይ የፕሮግራሙን ስም፥ እትሙንና የፊደሉን ዓይነት መዝግበው ቢይዙ፥ አስፈላጊዎቹንም ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ዩኒኮድና ማብራሪያው ወደታተመ ፎርማት ቢያዛውሩ፥ አንድ ቅጂም በወረቀት ቢያስቀምጡ ይበጃል። መዝገቡን የጻፈው ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ በአንድ ቃል የሚመለሰው ጥያቄ፥ እርሱ ከሄደ በኋላ የዓመታት ምርምር ሊጠይቅ ይችላልና።