ተግባረ ዕድ፦ የወደቀ የሚገባበት በር አልነበረም

"ተግባረ ዕድ" የግዕዝ ስም ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። በሜክሲኮና በልደታ መካከል በታክሲ የሚመላለሰው አዲስ አበቤ ስሙን ለሠፈር ምልክትነት ይጠራዋል እንጂ ትርጉሙን ብዙም አያስበውም። ስሙ በወጣበት ዘመን ግን ቀላል ስም አልነበረም። ብረት የሚሠራ ሰው "ቀጥቃጭ" ተብሎ በሚሰደብበት፣ ቡዳ ነው ተብሎ ጋብቻ በሚከለከልበት አገር ትምህርት ቤትን "የእጅ ሥራ" ብሎ መሰየም ራሱ አቋም መያዝ ነበር።

ባለ እጅን መናቅ አገርን ምን እንደሚያስከፍል ቀድመው ከተረዱት መሪዎች አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን ሚስዮናውያን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችንም ሥራውን እንዲለምዱ ከእነሱ ጋር አሰማሩ። በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ተሠራ። ከጋፋት እስከ መቅደላ በተራራና በገደል መሃል መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው እየጎተተው ለወራት ተጓዘ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ጋፋትም አብሮ ወደቀ። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ ሙያው ግን ተከታይ አላገኘም። ጋፋት የቆመው በአንድ ንጉሥ ፈቃድና በጥቂት የውጭ ሰዎች እጅ ነበርና ሁለቱ ሲሄዱ የሚቀር ተቋም አልነበረም።

ዐፄ ምኒልክ ችግሩን በሌላ በኩል ያዙት። ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል የሚል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻላል፤ ብረት መበየድን በአዋጅ ማስተማር ግን አይቻልም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የአምስቱ ዓመት ወረራ ከጥፋቱ ጋር መኪናና ጋራዥ አበዛ። ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱት ሙያ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለማወቅ የጋራዥ ቋንቋን መስማት ይበቃል፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ረዳቱ ከመካኒኩ በዓይኑ እያየ፣ መፍቻ እያቀበለ ሙያውን ከነስሙ ወረሰው። ይህ ዓይነቱ ውርስ ዛሬም በየጋራዡ ሕያው ነው። ድክመቱ ግን መካኒኩ ከሚያውቀው በላይ የሚያሳውቅ አለመኖሩ ነው። ረዳቱ ዕቃውን ፈትቶ መግጠም ይችላል፤ ንድፍ ማንበብና ለምን እንደተበላሸ በስሌት ማስረዳት ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል።

ተግባረ ዕድ የተከፈተው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ዓመቱ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ነፃነት ከተመለሰ ገና አንድ ዓመቱ። ልብ በሉ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በ1938፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ነው። ከጦርነት የወጣች አገር ፋብሪካው ሳይመጣ ሠራተኛውን ማሠልጠን ጀመረች ማለት ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከተለ። በዚያ ዘመን 8ኛ ክፍል ለጨረሰ ተማሪ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አንዱ ምርጫ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው የት ላይ ነው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቴክኒክና ሙያ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ኮሌጆች በየክልሉ ተከፍተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን መደልደያው የ10ኛ ክፍል ፈተና ሆነ። ውጤት ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ። በዚህ አሠራር መንግሥት ራሱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ "የእጅ ሥራ የወደቀ ልጅ ዕጣ ነው" ብሎ የነገረ ያህል ሆነ። ምኒልክ በአዋጅ የከለከሉት ንቀት በድልድል ወረቀት ተመልሶ መጣ።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀርቷል፤ ጥያቄው ግን ወደ 12ኛ ክፍል ተሸጋገረ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኝ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ "የቀሩት ቴክኒክና ሙያ ይግቡ" የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ አነጋገሩ ግን ያንኑ በሽታ ይዟል። "የቀሩት" ተብሎ የሚላክ ተማሪ ሌዝ ማሽኑ ፊት የሚቆመው አንገቱን ደፍቶ ነው። ማሽን ደግሞ አንገቱን ለደፋ ሰው አይመችም፤ ሚሊሜትር የሚለካ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ይፈልጋል።

ጋፋት ተቋም ስላልነበረው ጠፋ። ዛሬ ተቋሙ አለ፣ ሕንፃውም አለ። የጎደለው ፈልጎ የሚገባ ተማሪ ነው። ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ "ተግባረ ዕድ ልግባ" ሲል ወላጁ የማይደነግጥበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ ከውጭ በውድ የገባ ማሽን ሲበላሽ የሚጠግነውንም ሰው አብረን ከውጭ እያስመጣን እንቀጥላለን።