ከሩር እስከ በረዶ፦ የአበበ ቢቂላ የስፖርት ዕድሜ

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ሮም ላይ ይጀምርና ቶክዮ ላይ ያበቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ግን አራት ዓመት ብቻ ነው። ሰውየው ጎባጣ ዱላ ይዞ ሩር ሲያሳድድ ካደገበት ዘመን አንሥቶ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት እስከሳበበት ጊዜ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ተጫውቷል።

መዝገቡ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው ይላል። ቦታው ጃቶ ነው፤ በጊዜው አከፋፈል በሸዋ፣ በሰላሌ ሥር ይቆጠር የነበረ ትንሽ መንደር። ያ ቀን በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠበት ቀን መሆኑን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ሳይጠቅሱ አያልፉም። የገበሬ ልጅ የተወለደበትን ዕለት በጽሑፍ ማስፈር ባልተለመደበት ዘመን እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲገኝ ግን እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው። ጣሊያን አገሩን ሲወር ቤተሰቡ ርቆ ወደ ጎሮ ተሰደደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ያን ጊዜ ከአባቱ ተፋተው ሌላ ባል አግብተው ነበር። ከስደት ሲመለሱ የሰፈሩት እዚያው ጃቶ ነው ወይስ አጠገቡ ባለው ጅሩ በሚለው ላይ ጽሑፎቹ አይስማሙም። ልጁ የገና ጨዋታ ይጫወት እንደነበር ግን ተጽፏል።

ጅሩን ከመርሐቤቴና ከመንዝ የጀማ ወንዝና የገባሮቹ ገደል ይለያቸዋል እንጂ ጨዋታው ያው ነው። ሰብል ተነሥቶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ የልደት በዓል ሲቃረብ፣ ወንዱ ሁሉ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተጠቀለለች ድቡልቡል ናት። ለተጫዋቹ ቁጥር ልክ የለውም፤ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ደብር ከደብር ይገጥማል። የሜዳ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ግቦቹም አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ሩሯ ቦይ ውስጥ ብትገባ ቦይ ውስጥ፣ ቁልቁለት ብትወርድ ቁልቁለት ተከትሎ መሮጥ ነው። ዱላው ሩሯን ስቶ ቅልጥም ሲያገኝም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባልና ይታለፋል፤ ጭሰኛው ባለርስቱን አንድ ጊዜ ሊያቀምሰው የሚችልበት ቀን ቢኖር ያ ነበር። የመንዝን መሐል ሜዳ በመሰለ አገር ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሯጭ ያደረገው ገና ነው» ማለት ይቀላል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ ያንኑ ዱላ ይዘው ያደጉ ስንትና ስንት ልጆች አርሰው ኖረው አልፈዋል። ነገር ግን አበበ አሠልጣኝ የሚባል ሰው ከማየቱ ከብዙ ዓመት በፊት በቀጭን የደጋ አየር ርቆ መሮጥን በጨዋታ ለምዶታል። ከዚያ በላይ ለማለት ማስረጃው አይፈቅድም።

አዲስ አበባ ገብቶ በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ 5ኛ ሬጅመንት ተቀጠረ። ፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ዜግነት የኖረው ኦኒ ኒስካነን እዚያ አገኘውና አሠለጠነው። በሱሉልታ ዳገት ይሮጥ የነበረውም በዚሁ ጊዜ ነው።

የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ነው። ለኢትዮጵያውያን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሩጫው ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነሥቶ ወታደሮች ችቦ ይዘው በሚያበሩት በጥንቱ የአፒያ መንገድ በኩል ተመልሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አለቀ። አበበ በባዶ እግር መሮጡን ከድህነት ጋር አያይዞ መተረክ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፤ ያገኘው ጫማ አልተመቸውም፣ ያለ ጫማ መሮጥንም ለምዶት ነበር። በዚያው ውድድር 7ኛ የወጣው አበበ ዋቅጅራም ባዶ እግሩን ነበር፤ የሁለተኛው አበበ ስም አብሮ አለመነሣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሙሶሊኒ ከአክሱም ያስወሰደው ሐውልት በሩጫው መጨረሻ አካባቢ ቆሞ ነበር። በጦርነቱ የተሰደደው የውድነሽ ልጅ ያንን አልፎ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ሰዓቱ 2:15:16.2 ሆኖ ተመዘገበ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው።

ሦስት ወር እንዳለፈ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የራሱ ጦር ክብር ዘበኛ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሣ። አበበም ለጊዜው ታስሮ ተለቀቀ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ 5ኛ ወጣ፤ ከዓለም አቀፍ ማራቶኖቹ ጨርሶ ሳያሸንፍ የቀረው ያን ብቻ ነው። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ጥቅምት 11 ቀን ቶክዮ ላይ በ2:12:11.2 አሸነፈ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባዝል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ አበበ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የመቶ አለቅነት ማዕረግና ቮልስዋገን መኪናም ተሰጠው። ሜክሲኮ ላይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

ከቶክዮ አልፈው የሚተርኩትም ብዙዎቹ እዚህ ያቆማሉ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ የሚነዳት ቮልስ ተገለበጠችና አንገቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። ሉድቪግ ጉትማን የአካል ጉዳተኞችን ውድድር በ1940 ዓ.ም. የጀመረው፣ በኋላም ፓራሊምፒክ የተወለደው እዚያ ነው። ከስምንት ወር ሕክምና በኋላ እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ከጀማሪዎች ጋር እንደ ጀማሪ መሰለፉ ለእኔ ከቶክዮው ድል ያነሰ ነገር አይደለም፤ ሳይሄድ ቢቀር ማንም አይወቅሰውም ነበር።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ወደተዘጋጀ ውድድር በክብር እንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። በእንግድነት ብቻ አልተቀመጠም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ገባ፤ በውሾች በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ውድድርም ተሰለፈ። በረዶን ከዝናብ ጋር ሲወርድ ብቻ ያውቅ የነበረው የደጋ ልጅ አገሩ በረዶ የሆነበትን ሁሉ ጨምሮ ከነበሩት 16 ተወዳዳሪዎች መካከል 1ኛ ወጣ፤ የገባበትም ሰዓት 1:16:17 ነበር። በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ቁጥር ከሮሙ ሰዓት አጠገብ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

በ1964 ዓ.ም. ክረምት ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። በማራቶኑ ማሞ ወልዴ ነሐስ አገኘ፤ አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተርም አበበን ጨበጠው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ዐወጁ፤ አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ የጦር ክብር ሲቀበርም 65,000 ያህል ሰው መገኘቱ ተዘግቧል።