የጣራው ባለቤት ማን ነው?

ቤት ለማደስ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋልን? ጥያቄው ለግንበኛና ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የተተወ፣ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እምብዛም የማይጥም ይመስላል። እኔ ግን የቆዩ ዐዋጆችን ባገላበጥሁ ቁጥር ይህ ተራ ጥያቄ በየአገሩ ሌላ ጥያቄ አዝሎ ሲሄድ አገኘዋለሁ። በአንዱ ዘንድ «እሳቱ ወደ ማን ይዛመታል?» ማለት ነው፤ በእኛዋ አዲስ አበባ ደግሞ «ለመሆኑ ጣራው የማን ነው?» ማለት ሆኖ ኖሯል።

የመጀመሪያውን ባጭሩ ላውሳ። አፄ ፋሲል ሊያርፉ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1666፣ ለንደን ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት በተነሣ እሳት ለቀናት ነደደች። ከ13,000 በላይ ቤቶች ዐመድ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት የወጣው ሕግ የቤት የውጭ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሆን አዘዘ፤ ቀያሾችም ተሹመው የየቤቱን መሠረት ለክተው ችካል ይተክሉ ጀመር። እንዲህ ካለው ፈቃድ ጋር የሚያጣላኝ ነገር የለም፤ የእኔ የእንጨት ግድግዳ ለጎረቤቴ ቤት ክብሪት ሊሆን ይችላልና።

የእኛ ታሪክ የሚጀምረው ከእሳት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገውን ዐዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። («ትርፍ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ መበለቲቱ ጓሮዋ ሠርታ በኪራዩ የምትተዳደርባት ሁለት ክፍልም ትርፍ ተባለች።) ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። እስከ 300 ብር ለሚከፈልባቸው ቤቶችም ኪራዩ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድሀው ተከራይ ይህ እፎይታ ነበር፤ ዐዋጁን የሚነቅፍ ሰው ይህን ሊሸሽግ አይገባውም።

ነገር ግን ጭቃ ቤት እንደ ብራና በአንድ ጊዜ ድካም ለዘመናት የሚኖር ነገር አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ምርጊት ይሻል፤ ምስጥ የበላው ማገር መለወጥ፣ የዛገው ቆርቆሮ መነሣት አለበት። ተከራዩ ባለቤት አይደለምና ቤቱን በራሱ ሥልጣን አይነካም፤ ባለቤት የሆነው ቀበሌ ደግሞ ከሚሰበስበው ኪራይ ጣራ አይከድንም። ኪራዩ ለዐሥርተ ዓመታት ባለበት ሲቆም፣ የወሩ ክፍያ አንድ ቆርቆሮ የማይገዛበት ዘመን መጣ።

በልጅነቴ ሰፈር አንዲት እናት ነበሩ፤ ጣራቸው ክረምት በገባ ቁጥር ከየቦታው ያፈስ ነበር። ሊያስጠግኑ ፈቃድ ሲጠይቁ «ቤቱ የመንግሥት ነው፤ እንዳይነኩት» ተባሉ። እንግዲያው መንግሥት ይጠግነው ቢሉ «በጀት የለም» ሆነ መልሱ። ሁለቱም መልሶች ከአንድ ጠረጴዛ የወጡ ናቸው። እሳቸውም ከብዙ ትዕግሥት በኋላ ከዕቁባቸው አዲስ ቆርቆሮ ገዙ፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ሌሊት ወጥተው፣ የመዶሻውን ራስ በጨርቅ ጠቅልለው መቱት። የሚያስፈራው ንጋቱ ነበር፤ አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ከሩቅ ያብለጨልጫልና። ስለዚህ አሮጌውን ዝገት መልሰው ከላይ አለበሱት። ድህነቱ ከላይ፣ እድሳቱ ከሥር ሆነ። እንዲህ ያለ ጣራ በየትኛውም ልቦለድ ባነብ ደራሲው አበዛው እል ነበር።

ከተማችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቃል አላጣችም። ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት የሚቆመውን «የጨረቃ ቤት» አለችው። ሕጉ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ይለዋል። ሁለቱ ስሞች ስለ አንድ ግድግዳ ይናገራሉ፤ አንደኛው ግን ሠሪው ምን ብርሃን ይዞ እንደ ሠራ ያስታውሳል።

በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ሲወጣ ጉዳዩ ወደ ለንደኑ ጥያቄ የተጠጋ መሰለ። መግቢያው የሕንፃን ግንባታ፣ ማሻሻያና የአገልግሎት ለውጥ የሚመለከተው ከሕዝብ ጤናና ደኅንነት አንጻር ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በላዩ ላይ ፎቅ የሚጨምር ሰው ምሰሶው ይሸከም እንደሆነ ሌላ ዐይን ሊያይለት ይገባል። ይሁን እንጂ በቀበሌ ቤት ለሚኖር ሰው ከምሰሶው ጥያቄ በፊት የባለቤትነቱ ጥያቄ ቆሞ ይጠብቀዋል። የሌላው ቤት በሆነ ግድግዳ ላይ የራሱን ገንዘብ የሚለስን ሰው ምን ብሎ ያመልክታል?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ቆሜ ካየሁት ሁሉ የግድግዳዎቹ ውፍረት አይረሳኝም። ከመጀመሪያው ጭቃ ላይ ሌላ ምርጊት፣ በዚያ ላይ የጋዜጣ ልጣፍ፣ በጋዜጣው ላይ ኖራ፣ በኖራው ላይ የሲሚንቶ ልስን፤ ከሥር ደግሞ ማገሩ በልዩ ልዩ ዘመን በተገዛ ሚስማር ተመትቷል። ማን መቼ እንዳደሰው የሚናገር መዝገብ ይኖር እንደሆነ አንዱን የቀድሞ ነዋሪ ጠየቅሁት። «የምን መዝገብ? በሌሊት ነው የሠራነው» አለኝ፤ ከፍርስራሹም ውስጥ የበሩን መቃን መርጦ ተሸክሞ ሄደ።