አሥር በመቶ፦ የ1900 ዓ.ም. የፈረንሳይ ውልና የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ቀረጥ

ከሌላ አገር የሚመጣ ዕቃ በአንድ መንግሥት በር ሲያልፍ ቀረጥ ይከፈልበታል። ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ስለ ሆነ የሚያስደንቀው ሰው የለም። የቀረጡን ልክ የሚወስነው ማን ነው ብለን በጠየቅን ጊዜ ግን ነገሩ ከሂሳብ ደብተር ወጥቶ ወደ ታሪክ ይገባል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ባደረገች በ12ኛው ዓመት ከባሕር ማዶ በሚመጣው ዕቃ ላይ ከ10 በመቶ የበለጠ ቀረጥ እንዳትወስድ በውል ተወሰነባት፤ ውሉንም የተዋዋሉት የተሸነፈ ንጉሥ ሳይሆኑ ድል አድራጊው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ይህ እንዴት እንደ ሆነና ምን እንዳስከተለ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓውን በጠቀስንበት ቦታ ለይተን እንናገራለን።

አስቀድሞ የአገሩን ልማድ ማየት ይገባል። ቀረጥ የሚለው ቃል ቀረጠ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ከነጋዴው ጭነት ተቆርጦ የሚቀር ማለት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ቀረጡ የሚወሰደው በአገር ወሰን ላይ ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር እስኪገባ፥ ከጎንደርም ወደ ጎጃም እስኪሻገር ድረስ በየወንዙ መሻገሪያና በየበሩ ኬላ ይጠብቀዋል። ባለ ኬላው የአካባቢው ገዥ ሰው ነው፤ ልኩም የሚወሰነው በተጻፈ ሕግ ሳይሆን በልማድና በድርድር ነው። ስለዚህ አንዱ ጣቃ ጨርቅ ገበያ ሳይደርስ ብዙ ጊዜ ይቀረጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እንደ ነገሡ ነጋዴ በግዛታቸው ሁሉ በ3 ቦታ ብቻ እንዲቀረጥ ማዘዛቸውን የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ሪፖርት ጽፏል። ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ የዘመናቸው ጦርነት ግን ሥር እንዲሰድ ጊዜ አልሰጠውም። ኬላም ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል።

ጉምሩክ የሚለው ቃል ደግሞ የእኛ አይደለም። ከቱርክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ቱርኮችም ከግሪክ ወስደውት ነበር፤ ጥንተ ትርጉሙም ከንግድ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ አማርኛ የገባው ቱርኮችና ግብጾች ይገዙት በነበረው በጠረፉና በሐረር በኩል ሳይሆን አይቀርም። በቃሉ ላይ ትንሽ የቆየነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬላ በአገር ውስጥ ያለ በር ነው፤ ጉምሩክ ግን የባሕሩ በር ነው። የባሕሩም በር በ19ኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያ ነገሥታት እጅ ውጭ ነበር።

ስለዚህ የዚያን ዘመን ውሎች የተመለከተ ሰው የቀረጥ ነገር በየገጹ ያገኛል። ዐፄ ዮሐንስ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋራ በዓድዋ ሲዋዋሉ ያገኙት ዋና ነገር በምጽዋ በኩል የሚያልፈው ዕቃ፥ የጦር መሣሪያም ጭምር፥ ያለ ቀረጥ እንዲተላለፍ ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ያዘችና ያ ተስፋ ከንቱ ሆነ። ከዚያም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ 5ኛውን አንቀጽ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እርሱ ወደ ምጽዋ የሚወርደውና ከምጽዋ የሚወጣው ሲራራ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የዋጋውን 8 በመቶ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀረጥ ይል ነበር። እንግዲህ አንድ የውጭ መንግሥት የኢትዮጵያን የቀረጥ ልክ በመቶኛ ቆርጦ በወረቀት ሲያኖር በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያው አልነበረም ማለት ነው። የውጫሌ ውል በዓድዋ ጦርነት ፈረሰ፤ 8 በመቶውም አብሮ ወደቀ። በግንቦት 1889 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ደግሞ ለኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ብቻ የሚመጣው ዕቃ በዘይላ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደ። እስከዚህ ድረስ ምኒልክ በቀረጥ ነገር የሚቀበሉት ከሚሰጡት ያነሰ አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው ባቡር ነው። የጅቡቲው መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ተበታትኖ ይመጣ የነበረው ዕቃ አሁን በአንድ ሐዲድ ተጭኖ በአንድ ጣቢያ ይራገፋል። ለቀራጭ ከዚህ የሚሻል ነገር የለም፤ በአንድ በር ቆሞ ሁሉን ማየት ይቻላልና። ለፈረንሳይ ነጋዴ ግን ይኸው ነገር ስጋት ነው፤ በአንድ በር የቆመ መንግሥት ቀረጡን እንደ ወደደ ከፍ ሊያደርግ ይችላልና። እንግዲህ የፈረንሳይ መንግሥት ልዩ መልእክተኛውን ክሎቡኮውስኪን ወደ አዲስ አበባ የላከው ይህን ነገር ጭምር በውል ለማሰር ነው። ውሉ ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ቀን 1908፥ ተፈረመ። መልእክተኛው በዚያው በ1908 የኢንዶቺና ጠቅላይ ገዥ ሆነው መሾማቸውን እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን።

ውሉ የፈረንሳይ ሰዎች በኢትዮጵያ የመነገድና የመዘዋወር ነጻነት እንዲኖራቸው ካለ በኋላ በሚያስገቡት ዕቃ ላይ የሚወሰደው ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዲሆን፥ ለወይን ጠጅና ለመሰል መጠጦች ደግሞ 8 በመቶ እንዲሆን ይወስናል። የውሉም ዘመን 10 ዓመት ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላም ሲሠራበት ኖሯል።

በመጀመሪያ እይታ ውሉ ከባድ አይመስልም። የሲያም መንግሥት በ1855 በአውሮፓ አቆጣጠር ከእንግሊዝ ጋራ ሲዋዋል የተፈቀደለት 3 በመቶ ነው፤ ቻይናም ከኦፒየም ጦርነት በኋላ፥ ጃፓንም ከ1866 ጀምሮ የተወሰነላቸው 5 በመቶ ያህል ነው። ከእነዚህ ጋራ ሲመዛዘን ምኒልክ እጥፍ አግኝተዋል። ከዚህም ሌላ የአሥር እጅ አንድ ለአገራችን ሰው እንግዳ ቁጥር አይደለም፤ ገበሬው ከእህሉ አሥራት ይከፍል ነበርና ነጋዴው ከዕቃው አሥረኛውን ቢከፍል ለቤተ መንግሥት ሰዎች ተገቢ መስሎ የታያቸው ይመስለናል። የባቡሩንም ነገር መዘንጋት አይገባም። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ወድቆ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ መስመሩ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል የሚፈቅደው አዲስ ውል የተሰጠው በዚያው በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ በአንድ ወር መገጣጠማቸው በአጋጣሚ ነው ለማለት እንቸገራለን። ንጉሠ ነገሥቱ ሐዲዱን ይፈልጋሉ፤ ፈረንሳይ ቀረጡን ትፈልጋለች።

ይሁን እንጂ የውሉ ጉዳት ያለው በቁጥሩ ማነስ ወይም መብዛት ላይ አይደለም። ከላይ የተወሰነ ቁጥር መሆኑ ነው ጉዳቱ። መንግሥት ቀረጡን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ከፍ ማድረግ ግን አይችልም። ምሳሌ እናምጣ። አንድ ነጋዴ የ1,000 ብር አቡጀዲ ቢያስገባ የሚከፍለው 100 ብር ነው። መንግሥት የአገሩን ሸማኔ ለመርዳት አስቦ በአቡጀዲ ላይ 300 ብር ልቀበል ቢል ውሉ ይከለክለዋል። መጠጥ አገር እየጎዳ ነውና በእርሱ ላይ ላክብድ ቢልም ውሉ ይከለክለዋል፤ ይባስ ብሎም የ1,000 ብር ማረሻ ያስገባ 100 ብር ሲጠየቅ የ1,000 ብር ወይን ጠጅ ያስገባ የሚጠየቀው 80 ብር ነው። የፈረንሳይ ወይን ሻጮች ለምን ይህን እንደ ወደዱ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ውሉ ከፈረንሳይ ጋራ ብቻ የቀረ አለመሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከአሜሪካ፥ በየካቲት 1897 ዓ.ም. ከጀርመን ጋራ በተዋዋለችው ውል ለሌላ መንግሥት የሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ለእነርሱም እንዲደርሳቸው ተስማምታ ነበር። ከሌሎችም ጋራ እንዲሁ። ስለዚህ ለአንዱ የተከፈተው በር ለሁሉ ተከፈተ። በኋላም ጃፓን በኅዳር 1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ስትዋዋል በዚሁ ሥርዓት ገባች፤ ርካሹ የጃፓን ጨርቅም ገበያውን ሲያጥለቀልቅ መንግሥት በቀረጥ ሊገታው የሚችልበት ሥልጣን አልነበረውም።

ሦስተኛውም የፍርድ ነገር ነው። የውሉ 7ኛ አንቀጽ የፈረንሳይ ዜጎች ነገር በአገራቸው ሕግ እንዲታይ የሚያደርግ ነበር። ቀረጥ ደግሞ ያለ ቅጣት አይጠበቅም። ዋጋውን አሳንሶ የሚናገር፥ ዕቃውን ሰውሮ የሚያሳልፍ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ የማይፈረድበት ከሆነ የጉምሩኩ ሹም ጉልበት ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምተው። በዋጋ ላይ የተመሠረተ ቀረጥ ሁሉ የሚወድቀው ወይም የሚቆመው ዋጋውን በሚናገረውና በሚያምነው ሰው መካከል ነው፤ በ1,000 ብር ዕቃ ላይ 600 ብር ብሎ ያስመዘገበ ነጋዴ 10 በመቶውን ሳይነካ ወደ 6 በመቶ አወረደው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በዓይናቸው ካዩት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በጀርመን አገር ተምረው የመጡ፥ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩና በ1911 ዓ.ም. በወጣትነት የሞቱ ሰው ናቸው። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በልውውጡ ሁልጊዜ እንደሚጎዳ ያስረዳሉ፤ ንግዱን የሚያንቀው የአገር ውስጥ ኬላ ብዛትም ያሳስባቸዋል። እኛ እንደምናየው ሁለቱ ሐሳቦች የተያያዙ ናቸው። በባሕሩ በር ተጨማሪ ገቢ ማግኘት የተከለከለ መንግሥት ገቢውን ከውስጥ ይፈልጋል፤ ከውስጥ የሚገኘውም በኬላና በገበሬ ላይ ነው። ስለ ኬላ ክፋት የጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ የራሳቸው መንግሥታት የተዋዋሉት ውል ለኬላው ዕድሜ ምን ያህል እንዳገዘ ግን ሲጽፉ እምብዛም አናይም።

ከእስራቱ ለመውጣት የተደረገው ግልጥ ሙከራ የመጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት ከነገሡ በኋላ በመጋቢት ወር አዲስ የፍጆታ ግብር ሕግ ወጣ። ብልሃቱ እንዲህ ነው። ውሉ የሚከለክለው በመግቢያ ላይ የሚወሰደውን ቀረጥ ከፍ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው 10 በመቶውን ከፍሎ ከገባ በኋላ በአገር ውስጥ ስለሚበላበትና ስለሚጠጣበት ሌላ ግብር ይከፈልበት ተባለ። ይህ ቀረጥ አይደለም፤ የፍጆታ ግብር ነው። የውጭ ሌጋሲዮኖች ግን፥ የአሜሪካም ጭምር፥ ስሙ ቢለወጥ ነገሩ ያው ነው፥ የ1900ውን ውል ያፈርሳል ብለው ተቃወሙ፤ ጉዳዩም ወደ ድርድር ገባ። ሕግ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን በዚህ ክርክር ላይ ብዙ ሊሉ ይችላሉ። በቃሉ መሠረት ከተፈረደ ኢትዮጵያ ትረታ ነበር እንላለን፤ በመንፈሱ መሠረት ከተፈረደ ደግሞ ሌጋሲዮኖቹ ያነሡት ነገር ጨርሶ የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ነጻ መንግሥት፥ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮም የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነ፥ በገዛ አገሩ በሚጠጣ አረቄ ላይ ግብር ለመጣል ከመልእክተኞች ጋራ መከራከሩ በራሱ የውሉን ክብደት ያሳያል። ጃፓን ከዚህ ዓይነቱ እስራት የወጣችው በ1911፥ ቻይናም በ1929 በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል፤ የኢትዮጵያ ሙከራ ከዘመኑ የዘገየ አልነበረም።

ክርክሩ በቂ ዕድሜ ሳያገኝ የኢጣልያ ወረራ መጣ። የወረራው አገዛዝ ውሉንም የኢትዮጵያን ጉምሩክም ከሥራ ውጭ አደረገ። ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ ሲቋቋም በገንዘብ ነገር የእንግሊዝ አማካሪዎች ይገኙ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረትም በወጪ ነገር ምክክር ይደረግ ነበር። ይህም ሆኖ በ1935 ዓ.ም. የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥ አዋጅ ወጥቶ በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ። ክሎቡኮውስኪ 10 በመቶውን ካስፈረሙ 35 ዓመት ሆኖ ነበር።