የበጀት ተጽዕኖ መግለጫ፦ ክልል ሲያውጅ ወረዳ ምን ይከፍላል?

የበጀት ተጽዕኖ መግለጫ ማለት አንድ ረቂቅ አዋጅ በምክር ቤት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቢጸድቅ በየትኛው የመንግሥት እርከን ላይ ምን ያህል ወጪ እንደሚጨምር ወይም ምን ያህል ገቢ እንደሚቀንስ በቁጥር አስልቶ ከረቂቁ ጋር የሚቀርብ አጭር ሰነድ ነው። በእንግሊዝኛ ፊስካል ኖት የሚባለው ይህ ሰነድ በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች ዘንድ የቆየ አሠራር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በመጀመር ፈር የቀደደውም የዊስኮንሲን ግዛት ነው። በኢትዮጵያ ረቂቅ አዋጆች ሐተታ ዘምክንያት ተያይዞላቸው ወደ ምክር ቤት መመራታቸው የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ሐተታው በአብዛኛው ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ እንጂ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚተነትን አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በአንቀጽ 94 መሠረት የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በሕግ የተሰጧቸውን ተግባራት የሚያከናውኑበትን ወጪ በየራሳቸው ይሸፍናሉ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በውክልና ለሚሠራ ሥራ የሚያስፈልገውን ወጪ የሚሸፍነው ውክልናውን የሰጠው ወገን ነው። ያዘዘ ይክፈል ማለት ነው። ይህ ጥበቃ ግን በፌዴራሉና በክልሉ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገዛ በመሆኑ፣ ክልሉ ወረዳን በሚያዝበት ጊዜ በቀጥታ አያገለግልም። አንቀጽ 50 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ከሥልጣኑ ጋር በቂ ገንዘብ መከተል እንዳለበት በግልጽ አላሰፈረም።

ክፍተቱ የሚያሳስበው ከወረዳ በጀት ባሕርይ የተነሳ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀድሞው የደቡብ ክልል እንደ ሌሎቹ ትልልቅ ክልሎች ሁሉ ለወረዳዎች በቀመር የሚከፋፈል ጥቅል ድጎማ መስጠት የጀመረ ሲሆን፣ ከዚህ ድጎማ አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለጥገና የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ትንሽ በመሆኑ፣ አዲስ ሕግ አዲስ ግዴታ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በጥር የጸደቀ አዋጅ ቀድሞ በተደለደለ ገንዘብ ላይ ያርፋል።

ለምሳሌ እያንዳንዱ ወረዳ አምስት የሥራ መደቦች ያሉት አንድ ጽሕፈት ቤት እንዲያቋቁምና በየቀበሌው ምዝገባ እንዲያካሂድ የሚያዝ ረቂቅ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት ቀረበ እንበል። የአምስቱ ሠራተኞች ደመወዝ በጂንካ ከተማም ሆነ በደቡብ ኦሞ ዞን ባለው የዳሰነች ወረዳ ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚፈጠረው ከደመወዙ በኋላ ነው። በጂንካ ከተማ መዝጋቢው ቀበሌዎቹን በእግሩ ሊያዳርስ ሲችል፣ በሐመር ወይም በዳሰነች ከብቱን ተከትሎ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ የሚዘዋወረውን አባወራ ለማግኘት ሞተር ሳይክል፣ ነዳጅ፣ የአዳር አበልና የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያለው የኛንጋቶም ወረዳ ሲታሰብ ሒሳቡ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ለክልሉ በሙሉ የተሰላ አማካይ ወጪ ለደቡብ ኦሞ የማይጠቅም ቁጥር ነው፤ መግለጫው የሚረባው ወጪውን በወረዳ ከፋፍሎ ሲያሳይ ብቻ ነው።

የመዋቅር ሕጎችም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደሉም። በጥር 2015 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በዚያው ዓመት ነሐሴ ሲመሠረት፣ ከደቡብ ኦሞ የወጣው አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ውሳኔው የሕዝብን የቆየ የራስ አስተዳደር ጥያቄ የመለሰ በመሆኑ ተገቢነቱ እዚህ አያከራክርም፤ ዞን ሲጨመር ግን ምክር ቤት፣ መምሪያዎች፣ ተሽከርካሪና ቢሮ ይጨመራሉ፤ ገንዘቡም የሚቀዳው ወረዳዎች ድጎማ ከሚያገኙበት ከዚያው የክልል ቋት ነው።

በገቢ በኩል ያለው ተጽዕኖም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀውን የንብረት ታክስ አዋጅ ተከትሎ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ፣ ግብሩ በከተማ ቦታና ሕንፃ ላይ የሚጣል በመሆኑ ጂንካን የመሰለ ከተማ አዲስ የገቢ ምንጭ ሊያገኝ ይችላል፤ ሀብቱ በአመዛኙ ከብት ለሆነ ወረዳ ግን ትርጉሙ እጅግ አነስተኛ ነው። የድጎማ ቀመሩ ይህን ልዩነት ካላገናዘበ፣ ለከተማው የተጨመረው ገቢ የአርብቶ አደሩን ወረዳ ይበልጥ ወደ ኋላ ያስቀረዋል።

መግለጫው ረቂቁን የመሻር ኃይል የለውም፤ ምክር ቤቱ ወጪውን አይቶም ሊያጸድቀው ይችላል። አሠራሩ መጀመር ያለበትም ከክልሉ ምክር ቤት ነው፦ በወረዳ የተከፋፈለ የበጀት ተጽዕኖ መግለጫ ያልተያያዘለት ረቂቅ ለውይይት እንዳይቀርብ በአሠራር ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይበቃል።