የካሉብ ጋዝ ለምን 50 ዓመት ጠበቀ?

ይህች የምንኖርባት ስዊዘርላንድ በአንድ ወቅት የራሷን የተፈጥሮ ጋዝ ታወጣ እንደነበር ሰምታችኋል? ሉሰርንን አልፎ በኤንትሌቡኽ ሸለቆ ፊንስተርቫልድ የምትባል መንደር አለች። በ1980 እዚያ ከ5,000 ሜትር በላይ ጠልቆ የተቆፈረ ጉድጓድ ጋዝ ሰጠ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከ1985 እስከ 1994 ድረስ 74 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ወጥቶ ጉድጓዱ ተዘጋ። መጠኑ ኢምንት ነበር፤ ሆኖም በተገኘ በአምስት ዓመቱ ለገበያ በቃ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከኔዘርላንድ ተነሥቶ በስዊዘርላንድ በኩል ኢጣሊያ የሚገባው ትልቁ የጋዝ ቧንቧ በዚያው አካባቢ ስለሚያልፍ፣ ገበያው ደጃፉ ላይ ነበር።

ይህን ያነሣሁት በሶማሌ ክልል፣ በሽላቦ አካባቢ ስላለው ስለ ካሉብ ለማውጋት ነው። የካሉብ ጋዝ በአሥር ቢሊዮኖች ሜትር ኩብ የሚገመት ነው። ታዲያ ከተገኘ በኋላ 50 ዓመት ያህል ለምን ተኛ?

ፍለጋው በጃንሆይ ዘመን ተጀመረ። በ1945 ሲንክሌር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ውል ተቀብሎ ኦጋዴን ገባ፤ አሥር ዓመት ያህል ደክሞ የሚሸጥ ነገር ሳያገኝ ወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ፤ ሂላላም ተከተለች። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ጋዙን ካቆሩት ድንጋዮች አንዱ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ለመቅደላ ዘመቻ የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ብላንፎርድ ነው። ትግራይ ላይ ገደል ሆኖ የሚታየው ድንጋይ ኦጋዴን ውስጥ ከምድር በታች ጠልቆ ጋዝ ይዟል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ቴኔኮም ወጣ። በ1977 የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በ1980ዎቹ ሶቪየቶች ካሉብ ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፤ ጋዙ ሳይወጣ በ1991 ደርግም ወደቀ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። በ1990ዎቹ ደግሞ የዓለም ባንክ ብድር ተገኝቶ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ እሱም አልሆነም። በ2007 የማሌዢያው ፔትሮናስ ገብቶ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወጣ። በዚያው ዓመት አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ የኦብነግ ታጣቂዎች ባደረሱት ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ውል ፈረመ፤ በ2018 ከሂላላ ድፍድፍ ነዳጅ ለሙከራ ወጣ፤ በ2022 ውሉ ተሰረዘ።

ቡና ላይ ወሬው ሲነሣ «ፈረንጅ ሆን ብሎ ደብቆት ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። ድፍድፍ ነዳጅ በርሜል ውስጥ ገብቶ በመኪና ይሄዳል፤ ጋዝ ግን ወይ ቧንቧ ይፈልጋል፣ ወይ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን አለበት። ከካሉብ እስከ ጅቡቲ ለመዘርጋት የታሰበው ቧንቧ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሰላም የማይተማመን ሰው አያወጣም። በዚያ ላይ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሸሪክ፣ አዲስ ጥናት፣ እንደገና ከሀ ጀምር ነበር።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 2 ቀን 2025) ካሉብ ላይ ጋዝን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ፋብሪካ ተመረቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው። በዚያው ቀን ጎዴ ላይ ከዳንጎቴ ጋር ለሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ጥሬ ዕቃው የካሉብ ጋዝ ነው። የእኔን ልብ የሳበው ይህኛው ነው፤ የጎጃምና የአርሲ ገበሬ እስካሁን የሚጠቀምበት ዩሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ የሚገባ ነውና። የአካባቢው ሰው ነገር ግን ገና መልስ ይፈልጋል። በ2020 በጋዝ ጉድጓዶቹ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ እየጨረሰን ነው ብለው ለውጭ ጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ መንግሥት ከጋዙ ጋር አይያያዝም ብሎ ነበር።