እሳት የላሰች

አማርኛችን አንዳንዴ ይገርማል። ቤት ሲቃጠል «እሳት አደጋ ደረሰ» እንላለን፤ ሊያጠፋ ቀዩ መኪና እየጮኸ ሲመጣም «እሳት አደጋ ደረሰ» እንላለን። የሚያጠፋውና የሚጠፋው አንድ ስም ይጋራሉ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ይህችን ለጨዋታ አነሳት ነበር። ዛሬ ግን ሌላይቱ ትከነክነኛለች፤ ብልህና ፈጣን ሴት ስናይ «እሳት የላሰች» እያልን እናሞግሳለን። እሳቱን ላጥፋ ብላ የራስ ቁር አድርጋ ስትመጣ ግን «ትችለዋለች ብላችሁ ነው?» እንላለን።

መቼም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከእሳት ጋር ከሴት የበለጠ የኖረ ማን አለ? ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍና የምታሳድር፣ ጠዋት ገላልጣ የምትቀሰቅስ፣ ከጠፋባትም ከጎረቤት የምትጭር እሷ ነበረች። ምን ቶሎ እንደሚያያዝ፣ ምን እንደሚያፍነው ታውቃለች። እዚህ ድሬዳዋም ቢሆን መንደር ውስጥ እሳት ሲነሳ እሪ ብላ ሰው የምትጠራው፣ ጀሪካንና ባልዲ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው ያው ቤት የዋለችው ናት። ሙያው ወንድ የሆነው ደመወዝና መለዮ ሲመጣለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ ሴት እሳት አጥፊዎች አንዷ ተብላ የምትጠቀሰው ሞሊ ዊሊያምስ የኒውዮርክ ጥቁር ባሪያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1818 በከባድ በረዶ፣ ወንዶቹ በበሽታ ተኝተው ሳለ፣ ከነሽርጧ የውኃ መግፊያውን ጋሪ ገመድ ይዛ ጎትታለች ይባላል። ቆየት ብሎ በሳንፍራንሲስኮ ሊሊ ኮይት የምትባል የባለጸጋ ልጅ ከእሳት አጥፊዎች ጋር መሮጥ ወደደች። እነሱም በ1863 የክብር አባል አደረጓት። ዛሬ በከተማይቱ ኮረብታ ላይ በስሟ የቆመ ረጅም ማማ አለ፤ በ1933 የተሠራው እሷው ከተማውን አስውቡበት ብላ በተናዘዘችው ገንዘብ ነው። ሞሊ የምትናዘዘው ገንዘብ አልነበራትም።

ደግሞ ያቺ የጉልበት ጥያቄ አለች። የኒውዮርክ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የመግቢያ ፈተናውን ለሴቶች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በአካል ብቃቱ አንዲትም ሴት አላለፈችም። ብሬንዳ በርክማን የተባለች የሕግ ተማሪ «ይህ ፈተና ከሥራው ጋር አይገናኝም» ብላ ከሰሰች፤ በ1982 ረታች። አርባ ያህል ሴቶችም ገቡ። ከገቡ በኋላ ያዩትን አበሳ አላወራውም፣ ብዙ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መንትዮቹ ሕንፃዎች በፈረሱበት ዕለት ፍርስራሹ ዘንድ ከነበሩት አንዷ በርክማን ነበረች።

ለእኛ ለድሬዎች ግን ከኒውዮርክ ይልቅ ደቻቱ ይቀርበናል። ከተማችን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ይሻገሩታል፣ ይነግዱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በደጋው የዘነበው ዝናብ ተግተልትሎ መጣና ከ200 በላይ ሰው በላ። ሰው ተኝቶ ነበር። እንዲህ ባለው ሌሊት እኮ ዋናው ጡንቻ አይደለም፤ የትኛው ጓዳ ውስጥ አራስ እንዳለች፣ የትኛዋ አሮጊት መነሳት እንደማትችል ማወቅ ነው። ይህን የሚያውቅ ማነው? እሳትም ቢሆን ያው ነው። ልብሷ በላይዋ ተቃጥሎ ለወጣች እናት፣ በተለይ እንደኛ ባለ ከተማ፣ ቀድማ የምትይዛት ሴት ባለሙያ ብትሆን ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ለሴቶቻችን መንገር አያስፈልግም።

የሰማዩን ቀዳሚዎች ስም ይዘናል፤ ሙሉእመቤት እምሩን ከጣሊያን ወረራ በፊት በአውሮፕላን፣ አምሳለ ጓሉን በ2003 ዓ.ም. በካፒቴንነት። ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። ከጥቀርሻ ውስጥ ለምትወጣዋ ግን በማርች 8 አበባ ሰጥተን ፎቶ እንነሳለን፣ በማግስቱ በወንድ ልክ የተሰፋ ጓንትና ጫማ አጥልቃ ትሰማራለች። ጫማ የሰፋበት ሰው መሰላል ሲወጣ አስቡት! ለእኔ ክብር ማለት መጀመሪያ በልኳ የተገዛ ጫማ ነው።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። በየከተማው እሳት አደጋ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ብዙ ወጪ የለውም። የመጀመሪያዋ ሴት ስም ከነአያቷ፣ የተቀጠረችበት ዓመት፣ መጀመሪያ የገባችበት እሳት። ፎቶግራፍም ይኑረው፣ ከነመለዮዋ።